የአራዳው ትልቅ ሱቅ

ሰሞኑን «ሱቅ» የሚለውን ቃል አብረን ጻፍን። ዛሬ ስለ አንድ ትልቅ ሱቅ እናንብብ።

በቆቦ ገበያ አቡጀዲው ለብቻ፣ ጨዉ ለብቻ ነው የሚሸጠው። አዲስ አበባ፣ አራዳ ላይ ግን ብዙ ዓይነት ዕቃ ባንድ ጣራ ሥር የሚሸጥበት የንግድ ቤት ነበረ። የሕንዶች ኩባንያ ነበረ፤ መሐመድ አሊ ይባል ነበር። መጀመሪያ ሐረር ነገደ፤ ኋላ አዲስ አበባ ገባ። ጨርቅ ያስመጣ፣ ቡናና ቆዳም ወደ ውጭ ይልክ ነበር።

በዚያ ዘመን ትልቅ ቤት መሥራት ቀላል አልነበረም። ድንጋዩ እዚያው ይገኛል። ቆርቆሮውና መስታወቱ ግን ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ዕቃው ባቡሩ ከደረሰበት በግመልና በበቅሎ ተጓዘ። ግመል የምትጭኑ የራያ ሰዎች፣ እስቲ እናንተ ፍረዱ! መስታወት ጭኖ ዳገት መውጣት እንዴት ያለ ጣጣ ነው?

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያዘ። በ1929 ዓ.ም. ሱቁ ይዘጋ፣ ሕንዶቹም ካገር ይውጡ ብሎ አዘዘ። እንደሚመስለን ንግዱን ለራሱ ሰዎች ፈልጎ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት አቤት አለ። ጣሊያን አልሰማም።