ተሸናፊው ይሸለማል፣ ከፋዩ ይሸነፋል!

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገሬ ሰው። ይህችን ተረት ያወጣ አባት ዛሬ ከመቃብር ተነስቶ ዋሽንግተን ዲሲን ቢጎበኝ፣ ተረቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሆኖ፣ ማሊያ ለብሶ፣ ትኬት ሲሸጥ ያገኘው ነበር። ቡድኑ ዋሽንግተን ዊዛርድስ ይባላል። ዊዛርድ ማለት ጠንቋይ ማለት ነው። ስሙን መላእክት አውጥተውለታል! ሽንፈትን ወደ ገንዘብ የሚለውጥ ጠንቋይ ከዚህ በፊት አላየንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ2023/24 የውድድር ዘመን ይህ ቡድን 82 ጨዋታ አድርጎ ያሸነፈው 15ቱን ብቻ ነው። በ67ቱ ተቀጠቀጠ። በቡድኑ ታሪክ ከዚህ የከፋ ውጤት ተመዝግቦ አያውቅም ነበር። አሰልጣኙ ዌስ አንሰልድ ጁኒየር በጃንዋሪ 2024፣ 7 አሸንፎ 36 በተሸነፈ ሰዓት፣ ከአሰልጣኝነቱ ተነስቶ ወደ ቢሮ ሥራ ተዛወረ። ብራያን ኪፍ ተተካ። ምን ተለወጠ? ምንም! በ2024/25 ቡድኑ 18 አሸንፎ 64 ተሸነፈ። ያውም 16 ተከታታይ ሽንፈት በአንድ የውድድር ዘመን ሁለት ጊዜ! በሁለቱ ዓመት ሲደመር 164 ጨዋታ፣ 33 ድል፣ 131 ሽንፈት። ይኼ ውጤት ነው ወይስ የዕድር መዋጮ የቀረበት መዝገብ?

ውድ አንባቢ፣ «እኛ ስንት የራሳችን ጣጣ እያለብን የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ምን ያገባናል?» ይሉ ይሆናል። አይፈረድብዎትም። ግን ትንሽ ይታገሱ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከአገር ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዷ ናት። ታክሲ የሚነዳው፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው፣ ሕፃናት የምታሳድገው፣ ሆቴል የምታጸዳው፣ ምግብ ቤት ከፍቶ ግብር የሚከፍለው ወገናችን ነው። ስለዚህ በከተማይቱ ካዝና የሚቀለደው ቀልድ የሱም ኪስ ላይ የሚቀለድ ነው።

አንድ ቀን በዘጠነኛው ጎዳና፣ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ በተደረደረበት ሠፈር፣ ቡና ይዘን ተቀምጠናል። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የፈጁ አንድ አባት የቡድኑን ውጤት በቴሌቪዥን አይተው፣ «ልጄ፣ ይኼ ቡድን ባለቤት የለውም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አለው እንጂ ጋሼ፣ ያውም ቢሊየነር!»

«ታዲያ አያፍርም?»

«ጋሼ፣ ነጋዴ የሚያፍረው ሲከስር ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ የከሰረው ማነው?» አሉ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኼው ነው። የከሰረው ማነው?

በመጀመሪያ ሽንፈቱ ድንገተኛ አደጋ አለመሆኑን እንወቅ። በእግር ኳስ የለመድነው ሕግ ግልጽ ነው፤ የተሸነፈ ይወርዳል። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከ20 ቡድን የመጨረሻዎቹ 3 ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ታች ይሄዳሉ። ባለቤቱም፣ አሰልጣኙም፣ ደጋፊውም እንቅልፍ ያጣሉ። በአሜሪካው ኤን.ቢ.ኤ. ግን መውረድ ብሎ ነገር የለም። እንዲያውም መጨረሻ መውጣት ያሸልማል! በየዓመቱ ከኮሌጅና ከውጭ አገር የሚመጡ ምርጥ ወጣቶች ሲከፋፈሉ፣ ለደካማዎቹ ቡድኖች ቅድሚያ የሚሰጥ ዕጣ አለ። ከ2019 ጀምሮ በነበረው የዕጣ አሠራር የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች እያንዳንዳቸው የአንደኛውን ዕጣ የማግኘት 14 በመቶ ዕድል ነበራቸው። ሐሳቡ ሲጀመር በጎ ነበር፤ ደካማው እንዲያንሠራራ ነው። ዳሩ ግን ብልጣብልጥ ሥራ አስኪያጅ ባለበት አገር በጎ ሕግ ዕድሜ የለውም። «መካከለኛ ሆኜ ከምቀር መጨረሻ ብወጣ ይሻለኛል» የሚል ሒሳብ ተፈጠረ። ጎበዙን ተጫዋች ሽጥ፣ ልጆቹን አሰልፍ፣ ተሸነፍ፣ ዕጣ ጠብቅ!

ዊዛርድስም ይህንኑ መንገድ ያዙ። ብራድሊ ቢል የተባለውን ኮከብ በ2022 በ251 ሚሊዮን ዶላር ለአምስት ዓመት ካስፈረሙት በኋላ፣ ገና ዓመት ሳይሞላ በጁን 2023 ወደ ፊኒክስ ሸኙት። አዲስ አለቃ ማይክል ዊንገር መጣ። «ተሐድሶ ላይ ነን፣ ታገሱን» ተባለ።

ተሐድሶ! ይህችን ቃል እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃታለን። ኢሕአዴግ በ2016 ሕዝብ ሲነሳበት «ጥልቅ ተሐድሶ» ብሎ ስብሰባ ለስብሰባ ሲንከራተት ከርሞ በ2019 ራሱ ፈርሶ አረፈው። ተሐድሶ ማለት ባለሥልጣን ጊዜ ሲፈልግ የሚበደራት ቃል ናት። ወለዱን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው!

የተሐድሶውን ፍሬ እንይ። በሜይ 2025 ዕጣው ወጣ። የዓመቱ እንቁ ኩፐር ፍላግ የሚባል ወጣት ነበር። ዊዛርድስ ከሊጉ ሁለተኛው መጥፎ ውጤት ስለነበራቸው በተስፋ ተቀመጡ። ውጤቱ? ስድስተኛ! በሕጉ መሠረት ሊወርዱበት የሚችሉት የመጨረሻው ቦታ ላይ ወደቁ። አንደኛውን ያገኘው 1.8 በመቶ ዕድል ብቻ የነበረው ዳላስ ነው። በሰማይ ያለችው ላም ዳላስ ገብታ ታለበች! የዋሽንግተን ደጋፊ 64 ሽንፈት ሙሉ ጓያ ሲለቅም ከርሞ ባዶ ቅል ይዞ ተመለሰ።

«ኦክላሆማ ሲቲስ?» የሚል ሞጋች አይጠፋም። እውነት ነው፤ ኦክላሆማ ሲቲ በ2020/21 22 ጨዋታ፣ በ2021/22 24 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ፣ በ2025 ሻምፒዮን ሆኗል። የዊዛርድስ ሥራ አስኪያጅ ዊል ዶውኪንስም ከዚያው ቤት ነው የመጣው። ነገር ግን ሐቁን ሙሉውን እናውራ። የኦክላሆማ ሲቲ ዋልታ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር በሽንፈት ዕጣ የመጣ ሳይሆን በ2019 ከሎስ አንጀለሱ ክሊፐርስ በልውውጥ የተገኘ ነው። ጄይለን ዊልያምስም ቢሆን በ12ኛ ዕጣ ነው የተመረጠው። ቼት ሆልምግረን በ2022 በሁለተኛ ዕጣ መምጣቱን አንክድም። ግን ቤቱን ያቆመው ሽንፈት ሳይሆን የሰዎቹ ዓይን ነው። በሌላ በኩል ፊላደልፊያን እንይ። ከ2013 እስከ 2016 በሦስት ዓመት 47 አሸንፎ 199 ተሸነፈ። «ሒደቱን እመኑ» ተባለ። ሕዝቡም አመነ። እስከ 2025 ድረስ ከሁለተኛው ዙር ፈቀቅ አላለም። አንዱ የደረሰበትን እያሳዩ ሌላው የቀረበትን መደበቅ የካድሬ ሪፖርት እንጂ የስፖርት ሳይንስ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይ። ተጫዋቾቹን አንወቅስም። በዲሴምበር 7 ቀን 2024፣ 16 ጊዜ በተከታታይ ተሸንፈው አንገታቸውን የደፉት እነዚያ ወጣቶች ዴንቨርን 122 ለ113 አሸንፈዋል። ያውም የዴንቨሩ ኒኮላ ዮኪች ለብቻው 56 ነጥብ አስቆጥሮባቸው! ልጆቹ ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። በሃያ ዓመቱ በየማታው በሺሕ ሕዝብ ፊት ከሚደበደብ ልጅ በላይ የሚያሳዝን የለም። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» እንዳይሆን፣ ጥፋቱ ሜዳ ላይ ሳይሆን ፎቅ ላይ ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የከሰረው ማነው? ባለቤቱ ቴድ ሊዮንሲስ? ኧረ ተው! በ2022/23 ቡድኑ 35 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ከማጣሪያ ውጭ በቀረበት ማግሥት፣ በ2023 ክረምት፣ የኳታር መንግሥት የኢንቨስትመንት ተቋም ከሊዮንሲስ ኩባንያ ከሞኑመንታል 5 በመቶ ገደማ ድርሻ ገዛ። ኩባንያው የበረዶ ሆኪውንና የሴቶቹን ቡድን ጨምሮ የተገመተው በ4.05 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሊጉ ደግሞ በ2024 ለ11 ዓመት ወደ 76 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የቴሌቪዥን ውል ፈረመ። የብሔራዊ ቴሌቪዥኑ ገቢ ለ30ዎቹ ቡድኖች እኩል ይከፋፈላል። ሻምፒዮኑም፣ 64 ጊዜ የተሸነፈውም እኩል ይቆርሳሉ! ታዲያ ማን ሞኝ ነው ለማሸነፍ የሚጨነቀው?

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንግባ። በዲሴምበር 13 ቀን 2023፣ ቡድኑ በታሪኩ ወደ ከፋው ውጤት እየተንደረደረ ሳለ፣ ሊዮንሲስ ከቨርጂኒያው ገዥ ከግሌን ያንግኪን ጋር ቆሞ «ወንዝ ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ እገባለሁ» አለ። የ2 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ተነበበ። በአዳራሹ ዙሪያ ያለ ባለምግብ ቤት፣ ባለሱቅ፣ ባለታክሲ ደነገጠ። የቨርጂኒያ ሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሉዊዝ ሉካስ የተባሉ ሴት ግን «የሕዝብ ገንዘብ ለቢሊየነር አልሰጥም» ብለው እንደ ግንብ ቆሙ። ዕቅዱ ፈረሰ። ሰውየው በማርች 27 ቀን 2024 ወደ ዲሲ ተመለሰ። እንዴት ሆኖ ተመለሰ? ይቅርታ ጠይቆ? የለም! ከንቲባ ሙሪኤል ባውዘር ለአዳራሹ እድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር የሕዝብ ገንዘብ ይዘው ተቀበሉት። ኮብላይ ሙሽራ ሲመለስ ሌላ ጥሎሽ!

ይህ በሆነ በሳምንታት ውስጥ የከተማይቱ የ2025 በጀት ረቂቅ ወጣ። ከንቲባዋ «ገንዘብ የለም» ብለው እንዲሰረዝ ካቀረቧቸው ነገሮች አንዱ የሕፃናት መዋያ ሠራተኞችን ደመወዝ የሚደጉመው ፈንድ ነበር። እነዚያ ሠራተኞች እነማን ናቸው? ብዙዎቹ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ስደተኛ ሴቶች፣ የኛም እህቶች ያሉባቸው ናቸው። ሠራተኞቹና ወላጆቹ ጮኸው፣ ምክር ቤቱ 70 ሚሊዮን ዶላር መለሰላቸው። ለቢሊየነሩ 515፣ ለሕፃን አሳዳጊዎቹ 70፣ እሱም በጩኸት! ፍርዱን ለአንባቢ ትተናል።

ከንቲባዋ የሚሉትም አለ። መሐል ከተማው ከኮሮና በኋላ ተዳክሟል፤ ቡድኖቹ ከሄዱ ሠፈሩ ይሞታል፤ በምላሹ እስከ 2050 እንዲቆዩ አስፈርመናል ነው የሚሉት። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ሠፈሩ በእርግጥ ሰው ይፈልጋል። ነገር ግን ሰው የሚመጣው ግንብ ለማየት ነው ወይስ ጨዋታ? ምሽት ላይ ምግብ ቤቱን የሚሞላው ተስፋ ያለው ተመልካች ነው። ቡድኑ በዓላማ ከተሸነፈ አዳራሹ በወርቅ ቢለበጥ ምን ይረባል?

ይህች ከተማ ሌላ ባለቤት አይታለች። አቤ ፖሊን ይባል ነበር። የቡድኑ ስም ቀድሞ «ቡሌትስ» ማለትም ጥይቶች ነበር። በከተማው የሰው ደም መፍሰስ ሲበዛ፣ ወዳጁ የነበረው የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን በ1995 በጥይት ሲገደል፣ «ጥይት የሚባል ስም አልፈልግም» ብሎ በ1997 ስሙን አስለወጠ። በዚያው ዓመት መሐል ከተማው ማንም በማይደፍረው ሰዓት ያንኑ አዳራሽ አብዛኛውን በራሱ ገንዘብ ሠራ። በሱ ዘመን በ1978 ቡድኑ ሻምፒዮን ሆኗል። ፖሊንም ፍጹም አልነበረም፤ በሱም ዘመን ብዙ ሽንፈት ታይቷል። ከ1979 ወዲህ ይህ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 50 ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም። ግን ሰውየው ሽንፈትን ዕቅድ አድርጎ ለሕዝብ አልሸጠም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

በጃንዋሪ 2026 ትሬ ያንግን ከአትላንታ አምጥተዋል። ይሁን፣ መልካም ነው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ትኬት ቆርጦ ሽንፈት ለተመለከተ አባትና ልጅ ማን ገንዘቡን መለሰ?

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሊጉ ሽንፈትን መሸለም ያቁም። ማርክ ኪዩባንን በ2018 600 ሺሕ ዶላር፣ ዳላስን በ2023 750 ሺሕ ዶላር መቅጣት ለቢሊየነር የቡና ሒሳብ ነው። ከተማይቱም የሕዝብ ገንዘብ የምትሰጠውን ድርጅት እያንዳንዷን ሳንቲም በአደባባይ ታስቆጥር፤ የትኬት ዋጋውንም፣ የሠራተኛውን ደመወዝም ትጠይቅ። የኛም ወገን «ምን አገባኝ» ማለቱን ይተው። የዲሲ ምክር ቤት የሕዝብ ምስክርነት የሚሰማበት በር ክፍት ነው። የሕፃን አሳዳጊዎቹ 70 ሚሊዮን የተመለሰው በጸሎት ሳይሆን በዚያ በር ገብተው ስለተናገሩ ነው።

እነዚያ ባለታክሲ አባት «የከሰረው ማነው?» ብለው ነበር። መልሱ ይኸው ጋሼ፣ ባለቤቱ አልከሰረም፣ ሊጉ አልከሰረም፣ ኳታርም አልከሰረችም። የከሰሩት እርስዎ ነዎት። ተሸናፊው ሜዳ ላይ ያለው ሳይሆን ሒሳቡን የሚከፍለው ነው።

ልብ ያለው ልብ ይበል!