ድገምልኝ ማለት ነውር አይደለም

ቀድሞ ኮምፒዩተሮች በስልክ መስመር ጽሑፍ ሲላላኩ የመስመሩ ጫጫታ ፊደሉን ያበላሸው ነበር። መድኃኒቱ ምን እንደ ነበረ መመልከት ለእኛም ይጠቅማል።

እ.ኤ.አ. በ1977 ዋርድ ክሪስቴንሰን ያዘጋጀው ኤክስሞደም በየ128 ባይቱ ቆሞ ከተቀባዩ «ደረሰኝ» ወይም «ድገምልኝ» የሚል ቃል ይጠብቃል። ማረጋገጫው ግን ተራ ድምር ስለ ነበረ፣ ሁለት ባይቶች ቦታ ቢለዋወጡ ስሕተቱ አይታወቅም፤ ኋላ ሲአርሲ የተባለ የጠበቀ ስሌት ተጨመረለት። ዋይሞደም ጂ ለፍጥነት ሲል መልስ አይጠብቅም፤ አንድ ስሕተት ቢገኝ ሥራው ሁሉ ይቋረጣል። በ1981 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኬርሚት ዝግ ያለ ቢሆንም፣ ልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮችን አግባብቶ ተማሪዎች ሥራቸውን በፍሎፒ ዲስክ እንዲያስቀምጡ ረድቷል። የ1986ቱ ዚሞደም ሳይቆም ይልካል፤ ስሕተት ሲነገረው ግን ከተበላሸበት ይደግማል፤ መስመሩ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። በእኛ አስተያየት ብልጫው የእርሱ ነው።

እኛስ? በክፍል ውስጥ ያልገባንን እንደ ገባን አድርገን ራሳችንን የምንነቀንቅ ስንቶች ነን? ፈተና ሲደርስ ሥራው ሁሉ ይቋረጣል። እንግዲህ ተማሪ «ይድገሙልኝ» ለማለት አይፈር፤ መምህርም ድገም ቢባል አይቆጣ።