የገበያ ጤና ከአውድማ ይጀምራል

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው በአገራችን አይገኝም። ነገር ግን መጠንቀቅ የሚገባው ማን እንደሆነ፥ ጥንቃቄውም ከየት ቦታ መጀመር እንዳለበት አጥብቆ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፥ በአዲስ አበባ በመርካቶ ገበያ የሚደክሙት የጤና ጠባቂዎች ዕለት ዕለት የሚፈጽሙት ተግባር የከተማ ሥራ ብቻ አለመሆኑን ነው። ግማሹ ሥራ በየአገሩ ገዥዎች፥ በመሬት ባለይዞታዎችና በወረዳ ሹማምንት እጅ ያለ ስለሆነ፥ ይህን ለእነርሱ ማመልከት የተገባ መስሎ ታይቶናል።

የአዲስ አበባ ታላቅ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬ አዲስ ከተማ በሚባለው ስፍራ ተተከለ። መርካቶ የሚለውም ስም በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ወራሪው ከሄደ በኋላ ገበያው ቀረ፥ ሰፋ፥ በየተራውም ተከፋፈለ። እህል በረንዳ፥ በርበሬ በረንዳ፥ ሸማ ተራ፥ ምናለሽ ተራ እየተባለ የሚጠራው እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሕግና ልማድ አለው። የጎጃም ጤፍ፥ የሐላባና የማረቆ በርበሬ፥ የሸኖ ቅቤ ሁሉ ወደዚህ ይጎርፋል፤ ከዚህም ተመልሶ ወደ ብዙ ከተማ ይበተናል። ስለዚህ በመርካቶ የተበላሸ ምግብ ቢገኝ ጉዳቱ በአንድ ሰፈር የሚቀር አይደለም።

ከተማይቱ የወረርሽኝን መከራ ቀምሳ ታውቃለች። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. በመላው ዓለም የተዛመተው የእንፍሉዌንዛ በሽታ አዲስ አበባ ገብቶ ወደ 10 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል፤ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ ብሎ ሰየመው። እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰው ሁሉ ደጁን ጠርጎ ጥራጊውን የሚያቃጥለው፥ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ፥ የዚያ መከራ መታሰቢያ ሆኖ ይነገራል። ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን በመጥረግ ጤና አይጠበቅም። ይህንኑ በመገንዘብ መንግሥት በ1939 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና አዋጅን አወጣ። ቀድሞ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር የነበረው የጤና ክፍል በ1940 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ሚኒስቴር ሆነ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር የአካባቢ ጽዳትን የሚጠብቁ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በገጠር ተጀመረ፤ ከ6 ዓመት ያህል በኋላም ወደ ከተማ ገባ።

ዛሬ በአዲስ ከተማ ይህን ሥራ የሚሠሩት የክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት፥ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች፥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ሥራቸው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሱቅ ማሸግ ብቻ አይደለም። ማለዳ የበርበሬና የሽሮ ወፍጮ ቤቶችን ይጎበኛሉ፤ ወንፊቱን፥ የወፍጮውን አፍ፥ ወለሉን ይመለከታሉ። በምግብ ቤት የሚሠራው ሰው የጤና ምርመራ ማድረጉን የሚያስረዳውን ወረቀት ይጠይቃሉ። የውኃው ሮቶ ክዳን እንዳለውና መታጠቡን ያያሉ። መጸዳጃ ቤት ከወጥ ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካሉ። ከቅቤው፥ ከማሩና ከበርበሬው ናሙና ወስደው አሽገው ወደ ላቦራቶሪ ይልካሉ። በቅቤ ውስጥ ሌላ ስብ ወይም ሙዝ፥ በማር ውስጥ የስኳር ቅልጥ፥ በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅል ሰው በየጊዜው እንደሚያዝ የታወቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት በአዲስ አበባ በታየ ጊዜ፥ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ውኃ ማከምንና እጅ መታጠብን ያስተማሩት እነዚሁ ሰዎች ነበሩ።

የገበያው ጥራጊም ሌላ ከባድ ሸክም ነው። ከመርካቶ በየቀኑ የሚወጣው ጭድ፥ ቅጠል፥ የበሰበሰ አትክልትና ማዳበሪያ ከረጢት በጊዜው ካልተነሣ የዝንብና የአይጥ መራቢያ ይሆናል። የከተማው ጥራጊ ይከመርበት በነበረው በቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ነፍሳት መጥፋታቸውን የማያስታውስ የለም። ያ አደጋ የሚያስተምረን፥ ከዓይናችን ያራቅነው ቆሻሻ ከሌላው ሰው ደጅ መድረሱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በአንድ ማለዳ ከተቆጣጣሪዎች ጋር በርበሬ በረንዳ ተገኝተን ነበር። አንዲት ወጣት ባለሙያ አንድ ጆንያ አስፈትታ እጇን እስከ ክንዷ ብትከት፥ ከላይ የነበረው ዛላ ቀይና ደረቅ ሆኖ ሳለ ከመካከሉ የወጣው እርጥብና ነጭ ሻጋታ የሸፈነው ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌው ነጋዴ ደነገጡና፥ «ልጄ፥ ጆንያውን እንደ መጣ ነው የተቀበልሁት። አፉ ደረቅ ነበረ፤ ሆዱን ማን ያየዋል?» አሉ። እርስዋም፥ «አባባ፥ እርስዎ እንዳላበላሹት አውቃለሁ፤ ነገር ግን ይህን ለወፍጮ እንዲሰጡት አልፈቅድም» ስትል በትሕትና መለሰች። ጆንያው ተመዘነ፥ ተመዘገበ፥ ሊወገድ ተወሰደ። «ከየትኛው ወረዳ የመጣ ነው?» ብላ ብትጠይቅ ግን የሚያውቅ አልተገኘም፤ በሦስት ደላላ እጅ ያለፈ ነበርና።

በዚያ ማለዳ ሁሉም ሥራውን ሠርቷል ለማለት ይቻላል። ተቆጣጣሪዋ ሕዝቡን አድናለች፤ ነጋዴውም ትእዛዝ ተቀብሏል። ነገር ግን ጥፋቱ ወደ ተነሣበት ቦታ የተመለሰ ቃል የለም። በሚመጣው ዓመት ያው ገበሬ ያንኑ በርበሬ በዚያው ዓይነት ያደርቀዋል፤ ተቆጣጣሪዋም እንደገና ታስወግደዋለች። የከሰረው ነጋዴ ደግሞ ኪሳራውን ለማካካስ በሚቀጥለው ጊዜ የሁሉንም ገበሬ ዋጋ ዝቅ ያደርጋል። ንጹሑን ያመረተውም ገበሬ ከበከለው እኩል ይቀጣል ማለት ነው።

ይህ ሻጋታ እንዴት ያለ ጠላት እንደሆነ በጥቂቱ እናስረዳ። በእርጥብ እህል፥ በኦቾሎኒ፥ በበርበሬና በፋጉሎ ላይ የሚበቅለው አንዱ የሻጋታ ዓይነት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ በዓይን አይታይም፤ በተራ ማብሰልም አይጠፋም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የጉበት ነቀርሳ ያመጣል። ዓለም መርዙን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር የተበላሸ የኦቾሎኒ ፋጉሎ የበሉ ከ100 ሺህ የሚበልጡ የተርኪ ጫጩቶች ባለቁ ጊዜ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ በ1996 ዓ.ም. የሻገተ በቆሎ ከበሉት ሰዎች 317 ታመው 125 ሞተዋል። በእኛም አገር፥ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፥ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ የዚህ መርዝ ዓይነት ተገኝቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከወሰነው ልክ ያላለፉትም 9 ብቻ ነበሩ። ዋናው ምክንያት ላሞቹ የሚበሉት የተበከለ የኑግ ፋጉሎ ነው። እንግዲህ በመርካቶ አጠገብ አንዲት እናት ለልጅዋ የምትገዛው ወተት ደኅንነቱ የሚወሰነው በመኖ መጋዘን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጥፋቱ ከምን እንደሚመጣ የአገር ሰው ያውቀዋል። በርበሬው በባዶ መሬትና በመንገድ ዳር ይሰጣል፤ ሌሊት ጤዛ ይመታዋል። ከዚያም ዛላው እንዳይሰባበር፥ ሚዛንም እንዲያነሣ ተብሎ ውኃ ይርከፈከፍበታል። እህሉ በደንብ ሳይደርቅ ከጎተራ ይገባል፤ ነቀዝን ፈርተው የሚጨምሩበት ክኒን ደግሞ ሰው በሚተኛበት ቤት ይቀመጣል። በክኒኑ አየር ስንት ቤተ ሰብ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ የሚያስብ ጥቂት ነው።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ቁጥጥሩ ቢጠብቅ ድኻው ነጋዴ ይጎዳል፥ የምግብም ዋጋ ይወደዳል» ይላሉ። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ሳያስተምሩ መቅጣት፥ ውኃና መጸዳጃ ሳያዘጋጁ «ለምን አልታጠብህም?» ብሎ ማሸግ ፍርድ አይደለም። አንዳንድ ተቆጣጣሪም አንድ ጊዜ አሽጎ ከሄደ በኋላ ጉድለቱ መታረሙን ለማየት አለመመለሱ የሚነቀፍ ነው። ነገር ግን ድኻው በእውነት የሚጎዳው ታሞ ከሥራ ሲቀር፥ ያለውን ሁሉ ለመድኃኒት ሲያወጣ ነው። ባለጠጋው የተሻለውን መርጦ ይገዛል፤ የሻገተው በርበሬ ተፈጭቶ ዋጋው ሲረክስ የሚገዛው ድኻው ነው። ስለዚህ የምግብ ቁጥጥር ከሁሉ አስቀድሞ የድኻ ጋሻ ነው።

እንግዲህ ክቡራን ገዥዎችና ሹማምንት ይህን ነገር በየወረዳቸው ለመፈጸም ቢያስቡ፥ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ።

አንደኛ፥ የመከር ወራት ከመድረሱ በፊት የግብርና ልማት ሠራተኞች በየቀበሌው እየዞሩ፥ በርበሬና እህል በሸራ ወይም በቆጥ ላይ እንዲሰጣ፥ ማታ ማታም እንዲሸፈን ያስተምሩ። በርበሬን ውኃ ማርከፍከፍ በሚዛን መስረቅ ብቻ ሳይሆን ሰውን መመረዝ መሆኑ በገበያ ቀን በግልጥ ይነገር።

ሁለተኛ፥ ባለይዞታዎች እህሉን በመሬት ላይ ከማኖር ይልቅ በርብራብ ላይ ያኑሩ። ነቀዝን አየር አሳጥቶ የሚገድል፥ ውስጡ ድርብ ላስቲክ ያለው ከረጢት በአገራችን ይሸጣልና፥ በማኅበር እየሆኑ ቢገዙ ክኒኑ አያስፈልጋቸውም። የሻገተውን እህልና ፋጉሎ ደግሞ «ለከብት ይሁን» ማለት ይቅር፤ ከከብት የተደበቀ መርዝ በወተት ይመለሳልና።

ሦስተኛ፥ በእያንዳንዱ የወረዳ ገበያ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ይዘጋጅ፤ ከዚያ በኋላ የጤናና የግብርና ሠራተኞች በአንድነት ጭነቱ ከመውጣቱ በፊት ይመርምሩት። ጆንያው በወረዳው ከተፈታ ገበሬው መልሶ ያደርቀዋል፤ በመርካቶ ከተፈታ ግን የሚቀርለት የለም።

አራተኛ፥ በእያንዳንዱ ጆንያ ላይ የወረዳው ስምና የታጨደበት ወር ይጻፍ። የመርካቶ ጤና ጠባቂዎችም የተበላሸ ጭነት ባገኙ ቁጥር ለዚያ ወረዳ በደብዳቤ ያስታውቁ፤ የወረዳው አስተዳዳሪም ደብዳቤውን በጉባኤ ያስነብብ። ይህ ከሁሉ የሚቀልና ከሁሉ የሚጠቅም ነው ብለን እናምናለን። ስሙ የተጻፈበት ገበሬ ስሙን ይጠብቃል፤ ደኅና ያመረተ ወረዳ ደግሞ በስሙ የተሻለ ዋጋ ያገኛል። የሸኖ ቅቤና የማረቆ በርበሬ በስማቸው መፈለጋቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው የመርካቶን ጤና ጠባቂዎች ከሥራቸው ነፃ ለማድረግ አይደለም። እነርሱ በየማለዳው ጆንያ መፍታታቸውን፥ ወፍጮ ቤት መጎብኘታቸውን፥ ሮቶ መመልከታቸውን አያቋርጡም፤ ማቋረጥም አይገባቸውም። ነገር ግን በሰፊው ገበያ መካከል ቆመው ከየአገሩ የሚጎርፈውን ጭነት ሁሉ ብቻቸውን ይመርምሩ ብንል፥ ውኃውን ከምንጩ ሳያጠሩ ከወንዙ አፍ ለማጣራት እንደ መሞከር ይሆናል። ያቺ ወጣት ባለሙያ «ከየት መጣ?» ብላ የጠየቀችው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በየወረዳው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ የሚመጣው መከር ሳይደርስ እያንዳንዱ ሹም በአውድማው ዳር ተገኝቶ ሥራውን ቢመለከት፥ በመርካቶ የሚወገደው ጆንያ ያንሳል፤ የገበሬውም ድካም ዋጋ ያገኛል፤ የአገሪቱም ሕዝብ የሚበላውን ያለ ሥጋት ይበላል።