ማሳሰቢያ ለተፋቱ ወላጆች፦ ቀለብ ቢቀር ልጅ አይከለከልም፣ ልጅ ቢከለከል ቀለብ አይቀርም

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አባት በር ላይ ቆሟል፤ ልጁ ጫማውን አጥልቆ ቦርሳውን እንደታቀፈ ሳሎን ይጠብቃል። እናት በሩን ገርበብ አድርጋ «መጀመሪያ የሦስት ወሩን ቀለብ አምጣ» ትላለች። «ልጄን ካላሳየሽኝ አንዲት ሳንቲም አታገኚም» ብሎ ይመለሳል። ልጁ ሁሉንም ሰምቷል። አሳዳጊው አባት፣ ጠያቂዋ እናት የሆነችበትም ቤት አለ፤ ጥፋቱ ያው ነው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 113 ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ቀለባቸውና ከወላጆቻቸው ጋር ስለሚገናኙበት ሁኔታ አብሮ እንዲወስን ያዛል። (አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙ ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።) ቀለቡ ለመገናኘቱ፣ መገናኘቱም ለቀለቡ መያዣ ሆኖ አልተደነገገም። ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የልጁ ነው። የራሳችሁ ባልሆነ መብት አትደራደሩ።

ቀለብ ከፋዮች ሆይ፣ ገንዘቡን በእጅ አትስጡ። በባንክ አስገቡ፤ የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታ «የጥቅምት ወር ቀለብ» ብላችሁ ጻፉ፤ ደረሰኙንም አስቀምጡ። ለእንቁጣጣሽ የገዛችሁት ልብስ ወይም ለመስከረም የሰጣችሁት ደብተር በፍርድ ከተቆረጠው ይቀነስልኛል ብላችሁ አትቁጠሩ። ሥራ ከለቀቃችሁ ወይም ገቢያችሁ ከቀነሰ ዝም ብላችሁ አታቋርጡ። ቀለብ የሚቆረጠው በተቀባዩ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ልክ ስለሆነ፣ ሁኔታው ሲለወጥ ማሻሻያ መጠየቅ ይቻላል። እስኪሻሻል ግን ዕዳው ይቆጥራል። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ያስቀጣል። አሜሪካ ያላችሁም ዕወቁት፦ የተጠራቀመ የልጅ ቀለብ ከ2,500 ዶላር ካለፈ ፓስፖርት ያስከለክላል።

ቀለብ የቀረባችሁ ወላጆች፣ የእናንተ በር ፍርዱ እንዲፈጸም በፍርድ ቤት የሚከፈት የአፈጻጸም መዝገብ ነው። ፍርድ ቤት ከደመወዝ ወይም ከባንክ ሒሳብ ተቀንሶ እንዲከፈል ማዘዝ ይችላል። ልጁን ዘመድ ቤት መደበቅ፣ ሳይናገሩ ትምህርት ቤት መቀየር ወይም ገጠር መላክ ግን እውነት የያዘውን ሰው ጥፋተኛ አድርጎ ችሎት ያቆመዋል። ያሳዝናል፣ ግን ይደርሳል።

አብዛኛው የጉብኝት ጠብ የሚነሳው ከተድበሰበሰ ውሳኔ ነው። «በሚመቸው ጊዜ ይጎብኝ» የሚል ፍርድ የማን ምቾት እንደሆነ አይናገርም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ርክክቡ የት እንደሚሆን፣ ልጁን ማን እንደሚያመጣና እንደሚመልስ፣ ፋሲካ ወይም ዒድ ከማን ጋር እንደሚውል፣ የክረምቱ ዕረፍት እንዴት እንደሚከፋፈል ተለይቶ እንዲጻፍ ጠይቁ። ሽማግሌ ቢያስማማችሁ መልካም ነው፤ ስምምነቱን ግን ፍርድ ቤት አቅርባችሁ አስጸድቁት። በቃል የተስማሙበት ነገር ሲካድ የሚያስፈጽመው አካል የለም።

ልጁ ተመትቶ ወይም ተጎሳቁሎ ከተመለሰ አትታገሡ። ሐኪም አሳዩት፣ ለፖሊስ አመልክቱ፣ ጉብኝቱ እንዲታገድ ወይም ሌላ ሰው ባለበት እንዲሆን ፍርድ ቤቱን በአስቸኳይ ጠይቁ። በቂም የተፈጠረ ክስ ግን እውነተኛ ተጎጂ ልጆችን ጭምር እንደሚጎዳ አትርሱ።

ልጁን መልእክተኛ አታድርጉት። «አባትህ ገንዘብ ላከ?» «እናትሽ ቤት ማን ይመጣል?» ብላችሁ አትመርምሩ። የምትሉት ካለ እርስ በርሳችሁ በጽሑፍ ተነጋገሩ፤ አጭር መልእክት በኋላ ማስረጃም ይሆናል።

ውሳኔው እጃችሁ ላይ ከሌለ ከመዝገብ ቤት የተረጋገጠ ግልባጭ አውጡ፤ አንብቡትም። የማይሠራ ነገር ካገኛችሁበት የሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይደርስ እንዲሻሻል አመልክቱ።