ሶፋው ይቅደም ወይስ ጌሙ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ መጀመሪያ አስቆኝ ነበር፤ ቆይቶ ግን ዝም አሰኘኝ። ጸሐፊው ሠርጉ አራት ወር የቀረው ወጣት ነው። ከውጭ የመጣ አንድ ሰው ትንሿን ፕሌይስቴሽን፣ ሶኒ የድሮዋን አስመስሎ ያወጣትን ማለቴ ነው፣ ሊሸጥለት ተስማምቷል። ብሩ ግን ለሶፋ ቀብድ የተቀመጠ ነው። እጮኛው ስትሰማ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ባል ላገባ ነው ወይስ ልጅ ላሳድግ?» እሱም ተናዶ ይኸው ሦስት ቀን አልደወለላትም። «ጥፋተኛው ማነው?» ይለኛል።

ወንድሜ፣ ለፍርዱ አትቸኩል። መጀመሪያ ስለ ዕቃዋ እንጫወት፤ እኔም ቤት አንዷ አለችና።

በ1999 ዓ.ም. አካባቢ በሰፈራችን፣ ከጆተኒው አጠገብ፣ አንዲት የቆርቆሮ ጌም ቤት ነበረች። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በላዩ ላይ የተደራረበ የሰፈር ልጅ! ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል። ዳቦ ግዙ ተብሎ የተሰጠን ሳንቲም ስንቴ እዚያ ቀለጠ መሰላችሁ! ሲዲው አላነብ ሲል ባለቤቱ ማሽኑን ገልብጦ በጀርባው ያስተኛውና ጨዋታው ይቀጥላል። (የሱ ፈጠራ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽኖች ማንበቢያቸው ሲደክም ሌላውም ዓለም ይገለብጣቸው ኖሯል።) ልታገባ ስትል ደግሞ መብራት ድርግም! ከዚያ ሂሳቡን ማን ይክፈል የሚል ጭቅጭቅ ነው። ለኔ የሚሟገትልኝ ታላቅ ወንድሜ ነበር። አምስት ለባዶ የሚቀጣኝም እሱው ነው። እናታችን መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ በሩ ላይ ብቅ ስትል እኔን በጓሮ ያስወጣኝና ዱላውን ለብቻው ይቀበላል።

በ2004 ዓ.ም. አሜሪካ ሄደ።

የመጀመሪያዋ ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የወጣችው ኅዳር 24 ቀን 1987 ዓ.ም. ነበር። ትንሿን ሶኒ ያወጣት በዚያው ቀን በ2011 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ኒንቴንዶ የድሮ ማሽኑን አሳንሶ፣ 30 ጌም ጭኖበት በ60 ዶላር ሲያወጣ ሰው ተሻምቶበት ስለነበር፣ ሶኒም የናፍቆት ገበያ ነው ብሎ ገባበት። 100 ዶላር ጠራባት። ሰው ግን ፊቱን አዞረ፤ አንድ ወር ሳይሞላት የአሜሪካ መደብሮች 60 ዶላር አወረዷት። ወንድሜም ያኔ ነው ገዝቶ የላከልኝ።

ሳጥኑን ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር ብል አታምኑኝም። 20 ጌም ተጭኖባታል። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ፈለግሁ። ኳስ የለም! ክራሽም የለም። ወዲያው ደወልኩለት።

«ሰውዬ፣ ኳስ የለውም እኮ!»

«አትቀልድ።»

«ሙት የለውም!»

«ቴከንስ?»

«ቴከን 3 አለ።»

«በቃ ቴከን ተጫወታ።»

«ከማን ጋር?»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል ነበር።

ከሁለት ጆይስቲክ ጋር ነው የምትመጣው፤ ኢንተርኔት ግን አታውቅም። እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሆነን መጋጠም አንችልም። ቴከኑንም ብቻዬን ሞከርኩት፤ ደከም ያለ መሰለኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ የጫኑባት የአውሮፓውን ቅጂ ነው። ያ በሰከንድ 60 ሳይሆን 50 ምስል ስለሚያሳይ ዝግ ይላል። የሲዲ ክዳኗም ለይምሰል ነው፣ አይከፈትም፤ የድሮ ሲዲ አስቀምጠህ ከሆነ እርሳው። ቻርጀርም አብሯት የለም፤ የስልክ ቻርጀር ይሠራል። ቴሌቪዥንህ ኤችዲኤምአይ ከሌለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ። ስለ ብሩ እጮኛህ ልክ ናት፤ የሶፋው ቀብድ የሁለታችሁ ነው፣ ብቻህን ልታዝዝበት አትችልም። «ልጅ» ማለቷ ግን አልጣመኝም። ቢሆንም በሷ አልፈርድም። ለኔ ስለ ጌም ቤታችሁ ገጽ ተኩል ጽፈህልኛል፤ ዛሬ አንዱ ቤሩት፣ ሌላው ደቡብ አፍሪካ ስለገባባቸው ጓደኞችህ ሳይቀር። ለሷስ ምን ነገርካት? «ዕቃ ልገዛ ነው» ብቻ! ታዲያ ምን ትበል?

የናፈቀህ ኳሱ ከሆነ አሮጌ ፒኤስ ቱ ፈልግ። ሶኒ ማምረቱን ያቆመው በ2005 ዓ.ም. ቢሆንም፣ በዓለም ላይ ወደ 160 ሚሊዮን ስለተሸጠ ዛሬም ከሰው እጅ አይጠፋም። ስትገዛ ግን ሲዲ አስገብተህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተጫወትበት። ሌንሱ የደከመ እንደሆነ ለአምስት ደቂቃ አያሳጣህም፤ ቤት ስትደርስ ነው የሚያሾፍብህ።

ለማንኛውም ዛሬ ማታ ደውልላት፤ ሦስት ቀን በዛ። ትንሿን ሳትገዛ መሞከር ካማራችሁ ደግሞ ጻፍልኝና ሁለታችሁም ኑ። የኔዋ አለች፤ የሁለተኛው ጆይስቲክ ፕላስቲክ እስከ ዛሬ አልተቀደደም።