የስኮትላንድ ፈልሳፊዎች ዝርዝር የሚሸፍነው

ስለ ስኮትላንድ በተነሣ ቁጥር የሚደረደር አንድ ዝርዝር አለ። የእንፋሎት ሞተር፣ ጄምስ ዋት። ስልክ፣ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል። ቴሌቪዥን፣ ጆን ሎጊ ቤርድ። ፔኒሲሊን፣ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ። ከዚያ መደምደሚያው ይከተላል፤ ሕዝቧ ስድስት ሚሊዮን እንኳ የማይሞላ አገር ዘመናዊውን ዓለም ፈጠረች ይባላል። አሜሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ አርተር ኸርማን በ2001 ላሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አባባል ርዕስ አድርጎታል። እኛም ዘንድ በማነቃቂያ ንግግሮችና በሬዲዮ የጠቅላላ ዕውቀት ዝግጅቶች ደጋግመን እንሰማዋለን። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስኮትላንዳውያን ለሳይንስና ለምህንድስና ያበረከቱት እጅግ ብዙ ነው፤ ይህን አልክድም። የምቃወመው ዝርዝሩን ነው። አንድን ሥራ ለአንድ ሰው፣ ሰውየውን ደግሞ ለአንድ ዘር ሰጥቶ ይጨርሳል። ሥራው እንዴት እንደተሠራ፣ ማን እንዳገዘ፣ ማን እንደተገፋ፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ሳይነግረን ያልፋል። ልናውቀው የሚገባን ግን እሱን ነበር።

ዋት የእንፋሎት ሞተርን አልፈለሰፈም። እሱ ከመወለዱ 24 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1712፣ እንግሊዛዊው የብረታ ብረት ነጋዴ ቶማስ ኒውኮመን የሠራው ሞተር ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ ያወጣ ነበር። ዋት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የመለኪያ መሣሪያ የሚሠራና የሚጠግን ባለሙያ ሳለ፣ በ1763 ገደማ፣ ለማስተማሪያ የሚያገለግል አንድ የኒውኮመን ሞተር ሞዴል ለጥገና መጣለት። ሞዴሉ ጥቂት ጊዜ ይንቀሳቀስና ቀጥ ይላል። ዋት ጠግኖ ከመመለስ ይልቅ ምክንያቱን መረመረ። በኒውኮመን አሠራር እንፋሎቱ ሲሊንደሩን ከሞላ በኋላ እዚያው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጫል። እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ሲመለስ ሲሊንደሩ ውስጥ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ የውጭው አየር ክብደትም ፒስተኑን ቁልቁል ይገፋዋል። ነገር ግን ውሃው ብረቱንም አብሮ ያቀዘቅዘዋል። በመሆኑም በየዙሩ ከሚገባው እንፋሎት አብዛኛው የቀዘቀዘውን ብረት መልሶ በማሞቅ ያልቃል። በ1765 ዋት መላ አገኘለት፤ እንፋሎቱ ለብቻው ወደተዘጋጀ ሌላ ዕቃ ገብቶ ይቀዝቅዝ፣ ሲሊንደሩ ግን እንደጋለ ይቆይ አለ። ታላቅ ሐሳብ ነው፤ ስሙም በዚህ ሊነሣ ይገባል።

ሐሳቡ ተሳክቶ ለገበያ እስኪበቃ ግን አሥር ዓመት አለፈ። ከፒስተኑ ጋር ልክክ ብሎ የሚገጥም ሲሊንደር መሥራት የሚችል ሰው አልነበረም፤ እንፋሎቱ በክፍተቱ እያመለጠ ይወጣል። መጀመሪያ ገንዘቡን ያፈሰሰው ጆን ሮባክ ከሰረ። የበርሚንግሃሙ ባለፋብሪካ ማቲው ቦልተን ድርሻውን ወሰደ። ችግሩን በመጨረሻ የፈታው እንግሊዛዊው ብረት አቅላጭ ጆን ዊልኪንሰን ነው፤ በ1774 መድፍ ለመሰርሰር የሠራው ማሽን ሲሊንደርንም አስተካክሎ መሰርሰር የሚቻልበትን መንገድ ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች በ1776 ሥራ ጀመሩ። የሙቀትን ጠባይ ለዋት ያብራራለትና ገንዘብም ያበደረው ጆሴፍ ብላክ ስኮትላንዳዊ ነበር። ሞተሮቹን በኮርንዎል የማዕድን ጉድጓዶች እየዞረ የተከለውና ያሻሻለው ዊሊያም መርዶክም እንዲሁ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ሆኖም ስኮትላንዳዊ የሆነውን መርዶክን እንኳ የሚያነሣ ዝርዝር ብርቅ ነው። በ1781 በዋት ስም የፈጠራ መብት የተሰጠውን በጥርሳም ጎማዎች የሚሠራ የማሽከርከሪያ ዘዴ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የመርዶክ ሥራ ነው ይላሉ።

የፔኒሲሊን ታሪክ ከዚህ ይብሳል። ፍሌሚንግ በ1928 ለንደን በሚገኘው ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ሻጋታው ባክቴሪያ ሲገድል አየ፤ በ1929 ጽፎ አሳተመ። ከሻጋታው ፈሳሽ መድኃኒቱን ለይቶ ማውጣት ስላልተቻለው ግን ወደ ሌላ ሥራው ተመለሰ። አሥር ዓመት አለፈ። ከ1939 ጀምሮ ኦክስፎርድ ላይ ሥራውን ያነሡት አውስትራሊያዊው ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ከናዚ ጀርመን የተሰደደው አይሁዳዊ ኧርነስት ቼይንና እንግሊዛዊው ኖርማን ሂትሊ ናቸው። ጦርነት ነው፤ ዕቃ የለም። ሂትሊ ሻጋታውን የሚያሳድግበት ሰፊና ጠፍጣፋ ዕቃ ቢያጣ ሕመምተኞች አልጋ ላይ እንዳሉ በሚጸዳዱበት ዕቃ ተጠቀመ፤ ከዚያ የዚያን ቅርጽ ተከትሎ የሸክላ ዕቃ አሠራ። መድኃኒቱን ከፈሳሹ አጣርቶ የሚያወጣበትን ዘዴም እሱ ነው ያገኘው። በየካቲት 1941 መላ ፊቱ በኢንፌክሽን ለተበላ አንድ ፖሊስ መድኃኒቱ ተሰጠው። ሰውየው ትኩሳቱ ወረደ፣ መብላት ጀመረ። መድኃኒቱ ሲያንስ ሐኪሞቹ ከሽንቱ ውስጥ መልሰው እያወጡ ወጉት። በመጨረሻ አለቀ፤ በመጋቢትም ፖሊሱ ሞተ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፍሎሪ ከጋዜጠኞች ይሸሽ ነበር፤ ለንደን ያለው ሆስፒታል ግን የፍሌሚንግን ስም ያስተዋውቅ ነበር። ታሪኩ የአንድ ሰው የሆነው ያኔ ነው። የ1945ቱን የኖቤል ሽልማት ፍሌሚንግ፣ ፍሎሪና ቼይን ተካፈሉ፤ ሂትሊ ምንም አላገኘም። እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ መድኃኒቱን ወደ በሽተኛው ያደረሰው እጅ ከትምህርት ቤት መጻሕፍት ሁሉ ተሰርዟል።

ቤልና ቤርድ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ቤል በ1870 ከብሪታንያ ወጥቶ ስልኩን የሠራው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ በ1876 የፈጠራ መብት ማመልከቻው በገባበት በዚያው ቀን አሜሪካዊው ኢላይሻ ግሬይም ለተመሳሳይ ፈጠራ ቅድመ ማስታወቂያ አስገብቶ ነበር። ቤርድ በ1926 ለንደን ላይ ያሳየው ቴሌቪዥን ጀርመናዊው ፓውል ኒፕኮቭ በ1884 ባሰበው የሚሽከረከር ዲስክ ላይ የቆመ ነበር፤ ቢቢሲም በ1937 ትቶት ወደ ኤሌክትሮኒክ ዘዴ ዞረ።

ይህ የስም ጉዳይ ወደ እኛም አገር ደርሷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ የዓባይን ምንጭ መጀመሪያ ያገኘሁት አውሮፓዊ እኔ ነኝ ብሎም ጻፈ። ይሁንና ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶት ነበር፤ የሰከላ ሰው ደግሞ ከሁሉም በፊት ጠበሉን ሲጠጣና ሲጠመቅበት የኖረ ነው። የብሩስን መጽሐፍ ያስዋቡትን ሥዕሎች የሣለው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ በ1771 ሞተ፤ ብሩስ ግን ሥራውን የራሱ አስመስሎ አቀረበ። ተቅማጥ በያዘው ጊዜ የአገሬው ሰዎች ያዳኑበት ዋጊኖስ የተባለው ተክልም በዕፅዋት ሳይንስ የተጠራው በብሩስ ስም ነው። ብሩስ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ዛሬም ይጠቅመናል፤ ያስተማሩትና የረዱት ሰዎች ግን ስማቸው ሊጻፍላቸው ይገባ ነበር።

ዝርዝሩ የሚሸፍነው ሌላም ነገር አለ፤ ስኮትላንድ ራሷ የገፋቻቸውን ሰዎች ማለቴ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል አበርዲን ውስጥ ፕሮፌሰር ነበር። በ1860 የከተማዋ ሁለት ኮሌጆች ሲዋሐዱ ቦታው ተሰረዘ፤ በዚያው ዓመት በተወለደባት ከተማ በኤደንብራ ለወጣ ቦታ ቢያመለክት ሌላ ሰው ተመረጠ። የኤሌክትሮማግኔቲዝምን ታላቅ ጽሑፉን በ1865 ሲያሳትም የለንደን ኪንግስ ኮሌጅ መምህር ነበር። የመታሰቢያ ሐውልቱ ኤደንብራ ላይ የቆመለት በ2008 ነው። በጄድበራ የተወለደችው ሜሪ ሶመርቪል የሰማይ አካላትን ሒሳብ ራሷን አስተምራ የጻፈችው ዩኒቨርሲቲ ሴት በማይቀበልበት ዘመን ነው። በ1869 ሰባት ሴቶች ኤደንብራ ላይ ሕክምና ሊማሩ ተመዘገቡ። በ1870 ፈተና ሊወስዱ ሲሄዱ ወንዶች ተሰብስበው ጭቃ ወረወሩባቸው፣ አዳራሹ ውስጥም በግ አስገቡባቸው። ፍርድ ቤትም ፈረደባቸው፤ ዲግሪ ተከለከሉ። ዩኒቨርሲቲው የክብር ዲግሪ የሰጣቸው ሁሉም ከሞቱ በኋላ፣ በ2019 ነው።

ታዲያ ስኮትላንድ ከሕዝቧ ቁጥር በላይ ሊቃውንት ያፈራችው በምንድን ነው? በደም አይደለም። በ1696 የወጣ ሕግ እያንዳንዱ ደብር ትምህርት ቤት እንዲያቋቁምና ለመምህሩ ደመወዝ እንዲከፍል አዘዘ፤ ወጪውንም በባለ ርስቶች ላይ ጣለ። እንግሊዝ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ብቻ በነበራት ዘመን ስኮትላንድ አምስት የትምህርት ተቋማት ነበሯት፤ የትምህርት ክፍያቸውም ዝቅተኛ ነበር። የግላስጎው ፕሮፌሰር ጆን አንደርሰን ለእጅ ባለሙያዎች በሥራ ልብሳቸው ገብተው የሚሰሙት ትምህርት ይሰጥ ነበር። ያ የተበላሸ የኒውኮመን ሞተር ሞዴልም የአንደርሰን ማስተማሪያ ነበር፤ ጥገናው ወደ ዋት የመጣው ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ባለሙያ ግቢው ውስጥ የሥራ ቤት ስለሰጠ ነው። ፕሮፌሰሩና ብረት የሚሞርደው ሰው በየቀኑ ይገናኙ ነበር።

ገንዘቡንም አንርሳ። ግላስጎው የበለጸገችው ባሮች ባመረቱት ትንባሆና ስኳር ነው። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በ2018 ባወጣው ጥናት ከባርነት የተገኘ ሀብት ከለጋሾች እንደደረሰው አመነ፤ በ2019ም ከዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለሚሠራ የካሳ ሥራ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ለማዋል ተስማማ። የስኮትላንድን ሊቃውንት የሚያወድስ ሰው ይህንንም አብሮ መናገር አለበት።

ዝርዝሩ ወጣቱን ያነሣሣል የሚሉ አሉ። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። ተማሪው ፈጠራ ማለት አንድ ልዩ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚገለጥለት ነገር እንደሆነ ይማራል፤ ራሱን ያይና ያ ልዩ ሰው እኔ አይደለሁም ብሎ ይተወዋል። ከሻጋታው ላይ መድኃኒት ለማውጣት ዕቃ ሲያጣ ያገኘውን አንሥቶ ስለሠራው ስለ ሂትሊ ቢሰማ ግን ላቦራቶሪው ባዶ የሆነበት የእኛ ተማሪ ብዙ ያተርፍ ነበር።

ስለዚህ ለመምህራን፣ ለመጽሐፍ አዘጋጆችና ለሬዲዮ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። በጥያቄና መልስ ውድድር ላይ "የእንፋሎት ሞተርን የፈለሰፈው ማን ነው?" ብላችሁ "ዋት" ለሚል ልጅ ነጥብ አትስጡ፤ መልሱ ስሕተት ነው። "የኒውኮመን ሞተር ምን ችግር ነበረበት? ዋትስ በምን ፈታው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ልጁ እንዲያስረዳም ጊዜ ስጡት።