ለግድግዳ አንከፍልም!

የማደሪያችን ዋይፋይ ደከመ ባልን ቁጥር የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፤ «ፍጥነቱ ይጨመር፣ እናንተም ጨምራችሁ ክፈሉ»። መጽሐፍ የምናወርደው፣ የቤት ሥራ የምንልከው በዚሁ ስለሆነ እየከፈልን ኖረናል። አሁን ግን መጀመሪያ ይፈተሽ እንላለን! ላፕቶፕ ራውተሩ ላይ በኬብል ሰክቶ ፍጥነቱን መለካት የደቂቃ ሥራ ነው። እዚያ ፈጥኖ መኝታ ክፍል ከሞተ ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም። ብር መጨመሩም በተቀደደ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ሐረር የግንብ አገር ናት። በጀጎል ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራው የጌ ጋር ወፍራም ግድግዳ ፀሐይን እንደሚመክት ሞገድንም ይመክታል። ፈጣኑ የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይማ በግድግዳ ከ2.4ቱ ይብስ ይዳከማል። በ2.4ቱ ደግሞ የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ጎረቤቱ ሁሉ 6 ላይ ከሰፈረ ማን ማንን ይሰማል?

ስለዚህ ራውተሩ ከተቆለፈበት ቢሮ ይውጣ! ኬብል ተዘርግቶ ተማሪው በሚተኛበት አካባቢ ተጨማሪ ማሠራጫ ይተከል፤ ቻናሉም ይለያይ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ነውና እዚያ ግንቡ አይበሳ፤ ኬብሉ በበር ይለፍ። ይህ ሳይሆን ሳንቲም አንጨምርም!